የታመመ የአኳሪየም ዓሣና አንቲባዮቲክ፦ ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከአካባቢው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ የተዘጋጀው ቤታቸው ውስጥ በመስታወት ገንዳ ጎልድፊሽ፣ ጉፒ፣ ሞሊ፣ አንጀልፊሽ ወይም ኦስካር ለሚያሳድጉ ሰዎች ነው። ለምግብ የሚሆን ዓሣ በኩሬ የሚያረባ ሰው ስለ ኩሬ የቀረበውን ጥያቄ አስቀድሞ ያንብብ። እዚህ የተጠቀሱት መጠኖች በሙሉ የመድኃኒቱን ንጥረ ነገር እንጂ የዱቄቱን ጠቅላላ ክብደት አይመለከቱም። ሁለቱ ሲምታቱ ዓሣው ወይ አምስት እጥፍ ይወስዳል፣ ወይ አንድ አምስተኛ ብቻ ይደርሰዋል።

ዓሣዬ ታሟል። የትኛውን አንቲባዮቲክ ልግዛ?

ገና ምንም አይግዙ፤ መጀመሪያ ውሃውን ይለውጡ። ከገንዳው አንድ ሦስተኛውን አውጥተው፣ አንድ ቀን ሙሉ አየር እየተነፋበት ክሎሪኑ በወጣለትና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር በተመሳሰለ ውሃ ይተኩት። የውሃ መመርመሪያ ካለዎት ከዓሣው ቆሻሻ የሚመጡት ሁለቱ መርዞች፣ አሞኒያውም ናይትራይቱም፣ ዜሮ ማሳየት አለባቸው። ከእነሱ ቀጥሎ የሚፈጠረው ናይትሬት በሊትር ከ40 ሚሊ ግራም ባይበልጥ ይመረጣል። መመርመሪያ ከሌለዎትም ውሃ መለወጡን አይተዉት፤ በምርመራም ቢረጋገጥ የሚታዘዘው ያው ነው።

አሞኒያ ስንጥብን ያቃጥላል፤ ናይትራይት ደግሞ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። በሁለቱም ዓሣው ውሃው አናት ላይ ወጥቶ ያለከልካል፣ ክንፉን ከሰውነቱ ጋር ያጣብቃል፣ ምግብ ይጠላል። ይህን ያየ ሰው «ኢንፌክሽን ነው» ብሎ ካፕሱል ይፈታበታል። ካፕሱሉ ማጣሪያው ውስጥ ተቀምጠው አሞኒያውን የሚበሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ በሦስተኛው ቀን መርዙ ከመጀመሪያው ብሶ ይገኛል። ማጣሪያው እንደገና እስኪያገግም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል።

ደሴ ላይ ለሚያሳድግ ሰው ሁለት ተጨማሪ ጥርጣሬዎች አሉ። አንዱ ከፍታው ነው። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ ደሴ ላይ ግን ከ6 ብዙም አያልፍም። የውጭ አገር መመሪያ «በዚህ ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ» ሲል ይህን አይቆጥርም፤ ስለዚህ ዓሣ ይቀንሱ፣ የአየር ፓምፑን ቀንም ሌሊትም አያጥፉ። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ትንሽ ትሻላለች። ሁለተኛው ብርዱ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ማሞቂያ የሌለው ገንዳ ሌሊት ላይ ለጉፒና ለአንጀልፊሽ ከሚስማማው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ በጣም ይወርዳል። የበረደው ዓሣ በሽታ የመከላከል አቅሙ ይደክማል፣ ምግብም አይፈጭለትም። ጎልድፊሽ 18 ዲግሪን ያለ ችግር ይችላል፤ ጉፒ ግን አይችልም። ለ60 ሊትር ገንዳ 100 ዋት ማሞቂያና ክዳን፣ ከየትኛውም ካፕሱል ይልቅ ብዙ ዓሣ ያድናሉ።

በሽታው በእርግጥ የባክቴሪያ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አንቲባዮቲክ የሚሠራው ባክቴሪያ ላይ ብቻ ነው። በሰውነቱና በክንፉ ላይ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ፣ ጨው የተነሰነሰ የሚመስሉ ነጫጭ ነጥቦች ካዩ «ኢክ» የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ቁስል ላይ የበቀለ፣ ውሃ ውስጥ እንደ ጥጥ ክር የሚውለበለብ ረጅም ነጭ ፀጉር ደግሞ ሻጋታ ነው። እሱም አንቲባዮቲክ አይነካውም።

የባክቴሪያ ምልክቶች እነዚህ ናቸው፦ የክንፉ ጫፍ እየነጣና እየተበጣጠሰ ወደ ሥሩ መሄዱ፣ ቅርፊቱ ተነስቶ ሥጋው የሚታይ ቀይ ቁስል፣ በሆዱና በክንፎቹ ሥር የደም ነጠብጣብ፣ የዓይን መውጣት። አንድ ዓይን ብቻ ከወጣ ግን ግጭት ሊሆን ስለሚችል ንጹሕ ውሃ ሰጥተው ይጠብቁት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ኮለምናሪስ ነው። አፉ ዙሪያ ወይም ጀርባው ላይ እንደ ኮርቻ የተነጠፈ ግራጫማ ነጭ ነገር ይታያል፤ ጥጥ ስለሚመስል «ሻጋታ» ይባላል፣ ግን ባክቴሪያ ነው። ልዩነቱ ይህ አጭርና የተለጠፈ መሆኑ፣ ዳር ዳሩም አንዳንዴ ቢጫ መምሰሉ ነው። ሻጋታ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ኮለምናሪስ በሞቀ ውሃ ውስጥ በአንድ ሁለት ቀን ይገድላል። ለኢክ ውሃውን ማሞቅ ይረዳል፤ ለኮለምናሪስ ግን ማሞቅ እሳት ላይ ቤንዚን መጨመር ነው፤ ዓሣው እስከሚችለው ድረስ ሙቀቱን ዝቅ ያድርጉ። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር በፌስታል ተጉዞ የመጣ ዓሣ በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ቢያሳይ አያስገርምም፤ መንገዱ ያዳክመዋል፣ ባክቴሪያውም ያን ጊዜ ይጠብቃል።

ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን አለ። ቲቲሲ ቅባትም አለ። ይሆናሉ?

አሞክሳሲሊን አይሆንም ማለት ይቻላል። አብዛኛውን የጣፋጭ ውሃ ዓሣ የሚያጠቁት ባክቴሪያዎች ግራም-ኔጌቲቭ የሚባለው ወገን ናቸው፤ አሞክሳሲሊንና ኤሪትሮማይሲን በዋናነት የሚሠሩት በግራም-ፖዘቲቭ ላይ ነው። ለየት ያለው ግራም-ፖዘቲቭ የሆነው ስትሬፕቶኮከስ ነው፤ ዓሣው ሚዛኑን ስቶ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል፣ ብዙ ጊዜም ሁለቱም ዓይኖቹ ይወጣሉ። ኤሪትሮማይሲን ከዚህ ሌላ የማጣሪያ ባክቴሪያዎችን ይጎዳል።

ቲቲሲ፣ ማለትም የቴትራሳይክሊን ቅባት፣ ውሃ ውስጥ አይገባም። ቅባቱ ውሃው ላይ ተንሳፎ የአየር መተላለፊያውን ይሸፍናል። ለከብት የሚወጋው ባለ 20% ኦክሲቴትራሳይክሊን ፈሳሽም ገንዳ ውስጥ አይፈስም፤ መድኃኒቱ የተሟሟበት ኬሚካል ለመርፌ እንጂ ለስንጥብ አልተሠራም።

የተረፈ መድኃኒት ሌላም ችግር አለው። የተረፉ ሦስት ካፕሱሎች ለሙሉ ሕክምና አይበቁም፤ የሚያልቀው ባክቴሪያው ሳይሞት ነው፣ የተረፈውም መድኃኒቱን የለመደው ይሆናል። ቡናማ የሆነ ወይም ጊዜው ያለፈ ቴትራሳይክሊን በፍጹም አይጠቀሙ።

ታዲያ የትኛው ለየትኛው ነው?

በእንስሳት መድኃኒት መደብር፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ በቀላሉ የሚገኘው ለዶሮ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው የኦክሲቴትራሳይክሊን ዱቄት ነው። ለክንፍ መበስበስ፣ ለኮለምናሪስና ለቁስል መነሻ የሚሆነው እሱ ነው። ከቪታሚን ጋር የተቀላቀለውን ይተዉ፤ ውሃውን ያበላሻል።

ሜትሮኒዳዞል፣ ሰው ሁሉ ፍላጂል የሚለው፣ የተለየ ሥራ አለው። ኦስካርና አንጀልፊሽ ነጭ፣ ቀጭን፣ ክር የመሰለ ኩስ ሲጥሉና ሲከሱ በአንጀት ውስጥ ያለው ባለ ጅራፍ ጥገኛ ተሕዋስ ይጠረጠራል። ያኔ 250 ሚሊ ግራም የሆነ አንድ ፍሬ ለ38 ሊትር ውሃ ይሆናል። በደንብ ተደቁሶ ለብ ባለ ውሃ ተበጥብጦ ይጨመራል፤ አለበለዚያ ታች ይዘቅጣል። በየሁለት ቀኑ፣ ሦስት ጊዜ፣ በየመሃሉ ውሃ እየተለወጠ። ለተበላ ክንፍ አይረዳም።

ካናማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከተገኘ ጥሩ ነው፣ ከውሃው በቆዳና በስንጥብ አልፎ ይገባልና። በሊትር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ግራም ለ5 ሰዓት፣ በየሦስት ቀኑ፣ በጠቅላላው ሦስት ጊዜ። ኩላሊት ስለሚጎዳ መጠኑን ማሳለፍ የለም። ናይትሮፉራዞን የሚባለው ሌላው መድኃኒት ለካንሰር የሚያጋልጥ ነገር ስለሆነ ያለ ጓንት አይነካም፣ ለምግብ ዓሣም ፈጽሞ አይሰጥም።

ለምን ገንዳው ውስጥ በቀጥታ አላደርገውም?

ማጣሪያው ስለሚሞት፣ ተክሉና ጠጠሩ መድኃኒቱን ስለሚመጥጡት፣ ጤነኛውም ዓሣ ሳይታመም ስለሚታከም። ሃያ ሊትር ንጹሕ ውሃ የሚይዝ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ወይም ባልዲ ይበቃል። ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ይሁን። የአየር ፓምፕና ድንጋዩ፣ ማሞቂያ፣ መደበቂያ የሚሆን ቁራጭ የቧንቧ ፕላስቲክ፤ ሌላ ምንም። ከሰል ያለበት ማጣሪያ ከገባ መድኃኒቱን በሰዓታት ውስጥ ጠጥቶ ይጨርሰዋል። መጠኑን በግምት አይወስኑ፤ ሃያ ሊትር ጀሪካን ወይም ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ቆጥረው ይሙሉና ከፍታውን በማርከር ያስምሩበት።

መጠኑን እንዴት ላስላ?

ለገላ መድኃኒት፣ ማለትም ዓሣው ለሚዋኝበት፣ ኦክሲቴትራሳይክሊን በሊትር ከ20 እስከ 100 ሚሊ ግራም ነው። ጥንካሬው መካከለኛ ለሆነ ውሃ (ስለ ጥንካሬ ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ ያንብቡ) 50 ይያዙ። ሃያ ሊትር ሲባዛ በ50፣ 1,000 ሚሊ ግራም። አሁን እሽጉን ያንብቡ፦ 20% ካለ በእያንዳንዱ ግራም ዱቄት 200 ሚሊ ግራም መድኃኒት አለ፤ ስለዚህ የሚመዘነው 5 ግራም ዱቄት ነው። እሽጉ ላይ 10% ካለ 10 ግራም ይሆናል። የሻይ ማንኪያ እዚህ አይታመንም፣ የዱቄቱ ልመት ይለያያልና። የወርቅ ሠሪ ሚዛን ያለው ጎረቤት ካለ በአንድ ጊዜ ለአሥር ቀን የሚሆነውን በወረቀት ከፋፍሎ መጠቅለል ነው።

ዱቄቱን መጀመሪያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ወደ ሳፋው ያፍስሱ። ዓሣው ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይቆይና አብዛኛው ውሃ ወጥቶ በንጹሕ ይተካል፤ በማግስቱ እንደገና። ውሃው ቢጫ ይሆናል፣ ብርሃን ሲያገኘው ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል፣ አረፋም ያወጣል። ብርሃን መድኃኒቱን ስለሚያፈርሰው ሳፋውን በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑት፣ አየር እንዲገባ ግን ክፍት ይተዉለት። ዓሣው ከገባ በኋላ ጎኑ ላይ ከተኛ ወይም ለመዝለል ከሞከረ ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ ውሃ ይመልሱት።

ሳሙና የማያረፋ ውሃ ነው ያለን። ለውጥ አለው?

አለው፣ ትልቅ ለውጥ። ቴትራሳይክሊኖች ከካልሲየምና ከማግኒዚየም ጋር ተጣብቀው ሥራቸውን ያቆማሉ። ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚቀር ከሆነ ውሃዎ ጠንካራ ነው፤ መጠኑ ወደ ላይኛው ጫፍ መሄድ አለበት፣ ያም ላይበቃ ይችላል። በክረምት ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ለስላሳ ስለሆነ ግማሽ በግማሽ መቀላቀል ይረዳል። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን የሚያጥበው ስለሆነ አይወሰድም። በዝናብ ውሃ ብቻ መሙላትም አይገባም፣ ዓሣው ማዕድን ይፈልጋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀጥሎ ያለው መንገድ ነው።

ከምግብ ጋር መስጠት ይሻላል የሚባለው እውነት ነው?

ዓሣው እስከበላ ድረስ፣ አዎ። የጣፋጭ ውሃ ዓሣ ውሃ እምብዛም ስለማይጠጣ ከገላው መድኃኒት ወደ ውስጥ የሚደርሰው ጥቂት ነው። በምግብ ሲሰጥ ግን ደሙ ውስጥ ይገባል፣ ዱቄቱ ይቆጠባል፣ የውሃው ጥንካሬም ችግሩ ይቀልላል። ቅድመ ሁኔታው ቶሎ መጀመር ነው፤ ምግብ ካቆመ በኋላ ይህ በር ተዘግቷል።

ክብደቱን ለማወቅ የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ውሃ ያለበት ጎድጓዳ ሳሕን ያስቀምጡ፣ ሚዛኑን ዜሮ ያድርጉ፣ ዓሣውን በመረብ ውሃው አንጠብጥቦ እንዳለቀ ያስገቡ፤ የሚጨምረው ክብደቱ ነው። መጠኑ በአንድ ኪሎ ዓሣ በቀን 75 ሚሊ ግራም ኦክሲቴትራሳይክሊን፣ ለ10 ቀን ነው። አራት ጎልድፊሽ እያንዳንዳቸው 50 ግራም ቢሆኑ አንድ ላይ 200 ግራም፣ በቀን 15 ሚሊ ግራም፣ ለአሥር ቀን 150 ሚሊ ግራም። ምግባቸውን የክብደታቸውን 2% ይቁጠሩ፦ በቀን 4 ግራም፣ ለአሥር ቀን 40 ግራም። 150 ሚሊ ግራሙ በባለ 20% ዱቄት ሩብ ጎደሎ አንድ ግራም፣ ማለትም 0.75 ግራም ነው። እሱ ከ40 ግራም ደረቅ ምግብ ጋር በላስቲክ ተደርጎ በደንብ ይናጣል፤ ከዚያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ተጨምሮ እንደገና ይናጣል። ዘይቱ ዱቄቱን ፍሬው ላይ ያስይዘዋል፣ ውሃ ውስጥ ወዲያው እንዳይታጠብም ይከላከላል። በጥላ አድርቀው፣ ብርሃን በማይገባበት ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ልጆች የማይደርሱበት ይሁን፣ ላዩም ይጻፍበት።

የቀኑን ድርሻ ለሁለት ከፍለው ይስጡ፤ በአምስት ደቂቃ ያልተበላውን ያንሱ። መራራ ስለሚሆን ከመጀመር በፊት አንድ ቀን ቢጾሙ ይቀበሉታል።

ሦስተኛው ቀን ላይ ተሻለው። ላቁም?

አያቁሙ፣ አሥሩን ቀን ይጨርሱ። በአምስተኛው ቀን ምንም ለውጥ ከሌለ ግን መድኃኒቱ ትክክል አይደለም ወይም በሽታው ባክቴሪያ አይደለም፤ ያኔ መጠን መጨመርም ሁለተኛ መድኃኒት መደረብም መፍትሔ አይሆንም።

ጨው ብቻ አይበቃም?

ለቀላል የክንፍ መበላት ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ከንጹሕ ውሃ ጋር። በሊትር ከ1 እስከ 3 ግራም፤ የአፍዴራው የገበታ ጨው ይሆናል፣ አዮዲኑ በዚህ መጠን አይጎዳም። በናይትራይት ለተመረዘ ዓሣም በሊትር 1 ግራም ጨው የመጀመሪያ እርዳታ ነው። ተክል ያለበት ገንዳ ውስጥ ግን አይጨመር።

ሆዱ አብጦ ቅርፊቱ ተነስቷል።

ከላይ ሲያዩት ቅርፊቱ እንደ ጥድ ፍሬ ከቆመ ኩላሊቱ ውሃ ማስወጣት አቁሟል። የሚበላ ከሆነ የመድኃኒት ምግቡን ይሞክሩ፣ ተስፋው ግን ጠባብ ነው። መብላት ያቆመና ጎኑ ላይ የተኛ ዓሣ ላይ በየቀኑ መድኃኒት መቀያየር ማሰቃየት ነው፤ የቅርንፉድ ዘይት በሊትር 0.4 ሚሊ ሊትር፣ መጀመሪያ ለብ ባለ ውሃ በሃይላንድ ተንጦ፣ ያለ ሥቃይ ያሳርፈዋል። ስንጥቡ መንቀሳቀስ ካቆመ በኋላም ቢያንስ አሥር ደቂቃ ይቆይ።

ቅርፊቱ ካልተነሳ ግን አብሽሩ፤ ያበጠ ሆድ ሁሉ ይህ አይደለም። ዕንቁላል ወይም የሆድ ድርቀት ሊሆን ይችላል። ሁለት ቀን አስጹመው የተቀቀለና የተላጠ አተር በትንሹ ይስጡት።

በሽታው ወደ ሰው ይተላለፋል?

አንዱ ይተላለፋል። የዓሣ ቲቢ የሚባለው፣ ከሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ጋር የአንድ ወገን የሆነው፣ ዓሣውን ለወራት ያከሳዋል፣ አከርካሪውን ያጎብጠዋል። በተቧጨረ እጅ ከገባ ከሳምንታት በኋላ እጅ ላይ ቀስ እያለ የሚያድግ እብጠት ወይም ቁስል ያወጣል። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ «ዓሣ አለኝ» ማለት አይርሱ፤ ካልተናገሩ ማንም አይጠረጥረውም። እየከሱ የሚሞቱ ዓሦች ካሉ ረጅም ጓንት ያድርጉ፣ ቱቦውንም በአፍ ስበው ውሃ አያውርዱ። ለዓሣው ሕክምና አይሞከርም።

ለምግብ ብዬ በኩሬ የማረባው ቆሮሶ ታመመ። ይህ ስሌት ይሠራል?

በራስዎ ውሳኔ አይሥሩበት። የሚበላ ዓሣ መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ መጠበቅ አለበት፤ በአሜሪካ ለብዙ ዓሣ የተቀመጠው የኦክሲቴትራሳይክሊን መጠበቂያ 21 ቀን ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ይወጣልና ቀኑን የእንስሳት ሐኪሙ ይወስን።

ሐይቅና አርድቦ አካባቢ ላሉ አንድ ማሳሰቢያ፦ የገንዳ ዓሣ፣ የታመመም የዳነም፣ ወደ ሐይቁ አይለቀቅ። ዓሣ አጥማጁ የሚበላው ከዚያ ነው። የመድኃኒቱን ውሃም ቦርከና ላይ ወይም ቦይ ውስጥ አያፍስሱ። በሳፋ ሆኖ ሁለት ሦስት ቀን ጠንካራ ፀሐይ ይምታው፣ ከዚያ አትክልት በሌለበት ደረቅ መሬት ላይ ይፍሰስ።

የት ላስመርምር?

ደሴ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት፣ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አለ። ዓሣ ይቀበሉ እንደሆነ ከመሄድዎ በፊት ይጠይቁ። የሚጠቅመው ሕመሙን የሚያሳይ፣ ገና መድኃኒት ያልነካው፣ በሕይወት ያለ ዓሣ ነው። ከሞተ በላስቲክ ሆኖ በበረዶ መሃል በሰዓታት ውስጥ ይድረስ። በረዶ ቤት ገብቶ የደረቀ ዓሣ ለባክቴሪያ ምርመራ አይመችም። ገንዳው ውስጥ ካለው ውሃም ለብቻው አንድ ሃይላንድ ይያዙ፤ መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው።

በሕክምናው መሃል መብራት ቢጠፋስ?

ከሙቀቱ በፊት አየሩን ያስቡ። በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ከሌለ በየሩብ ሰዓቱ በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱ። ሳፋውን በጋቢ ጠቅልለው ሙቅ ውሃ የተሞላና የተከደነ ሃይላንድ ያንሳፉበት፤ ሙቀቱ በሰዓት ከአንድ ሁለት ዲግሪ በላይ አይጨምር። መብራት እስኪመጣ ምግብ የለም።

ዓሦቹ አለቁ። ገንዳውን እንዴት ላጽዳው?

ጠጠሩንና ስፖንጁን ይጣሉ። መስታወቱን፣ መረቡንና ቱቦውን 5% በሆነ በረኪና፣ በሊትር ውሃ 4 ሚሊ ሊትር ሒሳብ፣ ለአንድ ሰዓት ይዘፍዝፉ። በሲሪንጅ መለካት ይቀላል። ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ አጥበው ፀሐይ ላይ ያድርቁ። የዓሣ ቲቢ ከተጠረጠረ በረኪና በዚህ መጠን አይበቃም፤ ከደረቀ በኋላ በ70% አልኮል፣ እሳት በሌለበት ክፍል፣ ይጠረግ። አዲስ ዓሣ ከመግባቱ በፊት ማጣሪያው ከባዶ መጀመሩን ያስታውሱ፤ ሁለት ጠንካራ ዓሣ ብቻ አስገብተው አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሆነው እስኪቆዩ ሌላ አይጨምሩ።